ማን ልበል?

በ1599 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ጎጃም ውስጥ ጎል በተባለ ስፍራ አፄ ያዕቆብና ሱስንዮስ ተዋጉ። ያዕቆብ ሞቱ፤ ሱስንዮስ ዙፋኑን ያዙ። ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር፤ ግን የሟቹ ንጉሥ ሬሳ በወጉ ሳይገኝ ቀረ። ይህች ክፍተት ለአንድ ብልጥ ሰው በቂ ነበረች። ጥቂት ቆይቶ፣ በሰሜን በኩል በደብረ ቢዘን ገዳም፣ ፊቱን በጨርቅ የሸፈነ ሰው ብቅ አለና «ያዕቆብ እኔ ነኝ፣ አልሞትኩም» አለ። ጨርቁስ ምንድን ነው ቢሉት፣ በጦርነቱ ፊቱና ጥርሱ ክፉኛ ቆስሏል፤ ለሰው ዓይን አይሆንም።

ብዙ ሰው አመነው፤ ተከተለውም። የትግራይ ገዥ ጦር ይዞ መጥቶ ደጋግሞ ቢያሸንፈውም ሰውየው እያመለጠ ተራራ ለተራራ ይሰወር ነበር። በመጨረሻ ተገደለና ራሱ ተቆርጦ ለሱስንዮስ ሲላክ ጨርቁ ተገለጠ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እንደሚተርከው ጠባሳ የለ፣ የተሰበረ መንጋጋ የለ፣ የወለቀ ጥርስ የለ። ያ ሁሉ ተከታይ «ጃንሆይ፣ እስቲ ያቺን ጨርቅ ትንሽ ዝቅ ያድርጓት» ለማለት አልደፈረም ማለት ነው። ደግሞስ እንዴት ይባላል? የቆሰለ ንጉሥ ፊትህን አሳየኝ ይባላል? ነውር ነው እንጂ!

ማንነት መስረቅ በአንድ ሰው ብቻ አያበቃም፤ ለቤተሰቡም ይተርፋል። ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ ጸጋ ክርስቶስ የተባለ ወጣት በግብፅና በኢየሩሳሌም አድርጎ ሮም ገባ። የአፄ ያዕቆብ ልጅ ነኝ አለ። ጆቫና ጋርዞኒ የተባለች ጣሊያናዊት ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1635 በትንሽዬ ብራና ላይ መልኩን ሣለችው፤ ሥዕሉ ዛሬም አለ። ፈረንሳይ ዘልቆ የካርዲናል ሪሽልዮን መስተንግዶ ቀመሰ፤ በ1638 ከፓሪስ አጠገብ ሩዌል ላይ ሞተ። ዕድሜውን ያሰሉ የታሪክ ሰዎች የተወለደው ያዕቆብ ከሞቱ ከዓመታት በኋላ መሆን አለበት ይላሉ። የአውሮፓ መኳንንት ግን አብልተው፣ አልብሰው፣ አክብረው አኖሩት። ለካ እንግዳን «የልደት ካርድህን አምጣ» ማለት እነሱም ዘንድ ነውር ኖሯል።

በዚህ ዘመን ጨርቁ ቀርቶ ስልክ መጥቷል። እትዬ እገሊት (ስማቸው አይነገርም፤ ስለ ማንነት ስርቆት እየተጻፈ የሰው ስም መበተን አያምርም) ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ቡና ቆልተው ጭሱን ሊያዞሩ ሲነሡ ስልካቸው ይጮኻል እንበል።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«እናቴ፣ እንደምን አደሩ? ከባንክ ነው የምንደውለው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ እንዴት አደራችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናቴ፣ ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው።»

«በስመ አብ! ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም፤ ሲስተም እያሻሻልን ስለሆነ ነው። አሁን ስልክዎ ላይ ስድስት ቁጥር ያለው መልእክት ይገባል። እሱን ብቻ ያንብቡልኝ።»

«መነጽሬን ላምጣ ልጄ። ይቅርታ፣ አስጠበቅኩህ።»

«ችግር የለም እናቴ። ቀስ ይበሉ፣ እንዳይወድቁ።»

እንዳይወድቁ! የገዛ ልጃቸው ከደወለ ሁለት ሳምንቱ ነው። እትዬ መነጽራቸውን ሰክተው ሲመለሱ መልእክቱ ገብቷል። ፊደል የቆጠሩ ናቸውና ከላይ እስከ ታች ያነቡታል። «ልጄ፣ 'ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ' ይላል እኮ።»

«ልክ ነው እናቴ። ከእኛ ውጪ ለማንም እንዳይሰጡ!»

እትዬም በማስጠንቀቂያው ተደስተው ቁጥሩን አንድ በአንድ ያነቡለታል፤ ሁለተኛዋን አሃዝ ተሳስተው ነበርና ይቅርታ ጠይቀው ደግመው ያነባሉ። ከዚያ ምርቃት ይከተላል። «ስንቱን ሰው ነው የምታገለግሉት፣ ያሰብከው ይሙላልህ።» ያሰበው ሞላለት። ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ ሂሳቡ ተራቁቷል።

እንዲህ ያለው ወሬ ሲሰማ ሰው ሁሉ ወደ ቴክኖሎጂው ጣቱን ይቀስራል። ሀከር ነው፣ ቫይረስ ነው፣ በስልክ ሞገድ የሚስብ መሣሪያ አምጥተው ነው ይባላል። ምንም ሞገድ የለም። ሌባው የሠራው ይህን ነው፦ በራሱ ስልክ ላይ የባንኩን ወይም የሞባይል ገንዘቡን የቴሌብርን መተግበሪያ ከፈተና የእትዬን ቁጥር አስገባ። ሲስተሙ ደግሞ ባለቤቱን አውቆ፣ ሥራውን በትክክል ሠርቶ፣ የማረጋገጫ ኮዱን ወደ እትዬ ስልክ ላከ። እስከዚህ ድረስ ሌባው ባዶ እጁን ነው። የቀረውን ያደረገችለት ይሉኝታ ናት። ሰላምታ የሰጠን ሰው ዝም ብሎ መዝጋት፣ «እናቴ» ያለን ልጅ «አንተ ማን ነህ?» ብሎ ማፋጠጥ በእኛ አገር ከስድብ ይቆጠራል። የዘመኑ ማንነት ሌባ ከኮምፒውተር ይልቅ የሚያውቀው ባህላችንን ነው ማለት ይቻላል፤ አንዳንዱማ ሰላምታውን ከእኛ አሳምሮ ይሰጣል።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስልክ ቁጥር መደወያ መሆኑ ቀርቶ ኪስ ሆኗል፤ ብዙ ሰው ግን ኪሱን አሁንም እንደ ስልክ ቁጥር ነው የሚይዘው። ሰፈር ሱቅ ደጃፍ ላይ አንድ ከሰዓት ቆሞ መታዘብ ይበቃል። ጋሼ ከመንገዱ ማዶ ሆነው ስልካቸውን ለባለሱቁ ልጅ ይልኩና «መቶ ብር ላክልኝማ!» ይላሉ። «ፒኑ ስንት ነው ጋሼ?» ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስድስቱንም ቁጥር በየተራ ይጠሩታል። ሊስትሮው ሰማ፤ በቆሎ ጠባሿ ሰማች፤ ታክሲ ተራ የቆመው ሁሉ ሰማ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ደግነቱ ቁጥሩን ለመሸምደድም አይከብድም፤ ወይ ከአንድ እስከ ስድስት ያለው ነው፣ ወይ የመጨረሻ ልጃቸው የተወለደበት ቀን።

ሌባው ስምን ከየት አገኘው የሚለውም እንቆቅልሽ አይደለም። በሞባይል ባንኪንግ ብር ለመላክ ቁጥር ሲያስገቡ የተቀባዩ ስም ብቅ ይላል። ለበጎ ነው የተደረገው፤ ሰው ተሳስቶ ለሌላ እንዳይልክ። «ከባንክ ነው፣ ወይዘሮ እገሊት እከሌ» ብሎ ስምን ከነአባት ጠርቶ መጀመር ግን ጥርጣሬን ግማሽ መንገድ ላይ ያስቀረዋል። የተረፈውን እኛው እንሞላዋለን። የእናቶች ቀን ሲመጣ አገር ምድሩ የእናቱን ፎቶ ከነሙሉ ስሟ ይለጥፋል፤ የባንክ ቅጽ ላይ ደግሞ «የእናት ስም» የሚል መስመር አለ። ቪዛ የተመታላት ልጅ ለወራት ያህል ለአክስቷ እንኳ ሳትናገር፣ ምቀኛ እንዳይሰማ ተጠንቅቃ፣ ቦሌ ስትደርስ ፓስፖርቷን ገልጣ ከነቁጥሩ ፌስቡክ ላይ ትሰቅለዋለች። ከቡዳ የተሸሸገው ለሌባ ተገለጠ።

ከዚያ ደግሞ ፎቶ ኮፒ አለ። በዚህ አገር ኦሪጅናልና ኮፒ ሳይጠየቅ የሚያልቅ ጉዳይ የለም። ቤት ለመከራየት ኮፒ፣ ሥራ ለመቀጠር ኮፒ፣ እድር ለመግባት ኮፒ፣ ለዋስ ኮፒ። ያ ሁሉ ወረቀት የት ይደርሳል ብሎ የጠየቀ የለም። አንዳንዱ መልሱ በእጅ ላይ ይገኛል፦ ከመንገድ ዳር የአምስት ብር ቆሎ ገዝቶ መጠቅለያውን የሚያነብ ሰው አልፎ አልፎ የማያውቀው ሰው የሥራ ማመልከቻ ያጋጥመዋል። ስም ከነአያት፣ የትውልድ ዘመን፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ ከጥግ ደግሞ ጉርድ ፎቶግራፍ፤ ሱፉ የተውሶ መሆኑ ከትከሻው ያስታውቃል። ቆሎው ሲያልቅ የሰውየው ሙሉ ማንነት ተጨማዶ ቱቦ ውስጥ ይገባል። ፎቶ ኮፒ ቤት ማሽኑ ክዳን ሥር የተረሳው መታወቂያማ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ባለቤቱ መስታወቱ ላይ በፕላስተር ለጥፎ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው ያደርገዋል፤ በጎ ሰው ነውና። መፍትሔው ቀላል ነው። ኮፒው ላይ በእስክሪብቶ፣ ፊቱንና ቁጥሩን ሳይሸፍኑ አግድም «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ» ብሎ ቀን መጻፍ። ጸሐፊዋ ትስቃለች፤ ትሳቅ።

ስለ ስም መበደር ሲነሣ ዲቪን፣ የአሜሪካን የቪዛ ዕጣ፣ መዝለል ኃጢአት ነው። ማመልከቻው በሚከፈትበት ሰሞን ኢንተርኔት ቤቶች «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ይለጥፋሉ። አመልካቹ ፎቶውን ተነሥቶ፣ ሃምሳም መቶም ከፍሎ ይሄዳል፤ የማረጋገጫ ቁጥሩ ግን ከሞላው ሰው ዘንድ ይቀራል። ዕጣው ከወጣ የሚያውቀው አመልካቹ ሳይሆን ያ ሰው ነው። ያኔ ድርድር ይጀመራል፦ ወይ ዳጎስ ያለ ገንዘብ፣ ወይ ደግሞ አይቷት የማያውቃትን ሙሽራ «ባለቤቴ ናት» ብሎ ይዞ መሄድ። ከዚህም የባሰ አለ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 አመልካቾች ፓስፖርት እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ደንብ ሲያወጣ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ወንጀለኞች ሰዎቹ ራሳቸው ሳያውቁ በስማቸው ዕጣ እየሞሉ፣ ሲወጣላቸው ዕድላቸውን መልሰው ይሸጡላቸዋል የሚል ነበር። ደንቡ በኋላ በፍርድ ቤት ተሻረ። አስቡት እንግዲህ፦ ሰውየው አሜሪካ መሄድ አምሮት አያውቅም፤ ሌላ ሰው ግን በስሙ አመልክቶ፣ አሸንፎ፣ አሁን ደውሎ «ክፈል» ይለዋል። ቅጹን ራስ ሞልቶ ቁጥሩን ራስ መያዝ ነው እንጂ የዲቪ ነገር ሽምግልና አያዋጣውም።

ወጣቱ ደግሞ ይህን እያነበበ «ያረጁ ሰዎች ጣጣ ነው» ብሎ እንዳይዝናና። ለእሱ ቴሌግራም አለለት። አብሮ አደግ ጓደኛ ይጽፋል፦ «የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ በዚህ ሊንክ ገብተህ ድምፅ ስጣት።» የሕፃን ነገር ሆኖበት ይገባል። ስልክ ቁጥር ይጠየቃል፣ ከዚያ ኮድ፤ ይሰጣል። ጓደኛው ጓደኛው አልነበረም፤ የእሱም ሂሳብ ትላንት በዚሁ መንገድ ሄዷል። ከደቂቃዎች በኋላ በዚህ ልጅ ስም ለመላው ዘመድ «ትንሽ ብር ቸግሮኝ ነበር፣ ነገ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ይዘንባል። እዚህ ላይ የሚያድነው አንዳንዴ የቤተሰቡ ጠባይ ነው። በሕይወቱ «እባክህ» ብሎ የማያውቅ ታናሽ ወንድም ድንገት «ወንድሜ ሆይ፣ በትሕትና እጠይቅሃለሁ» ብሎ ሲጽፍ መጠርጠር ብልህነት ነው። ቀጥ ብሎ መደወልና ድምፁን መስማት፤ «አንተ ነህ የጻፍከው?» ሲባል «ምን አልክ? ተወኝ፣ ተኝቻለሁ» ካለ እውነተኛው እሱ ነው። ቴሌግራም ውስጥ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባል ቁልፍ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አለ። እሱን የከፈተ ሰው ኮዱን እንኳ በስህተት ቢሰጥ ሌባው ሌላ የይለፍ ቃል ይጠየቃል፤ እዚያው በር ላይ ይቀራል። ለመክፈት ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። የከፈተው ግን ስንቱ ነው?

በስልክ በኩል አንዲት ሌላ ተንኮል አለች። ደዋዩ «መስመርዎ እንዲስተካከል ኮከብ 21 ኮከብ ብለው ይህን ቁጥር ይምቱ» ይላል። ይህ ጥሪን ወደ ሌላ ስልክ ማዞሪያ ነው። የመታ ሰው የሚደወልለት ሁሉ፣ በድምፅ የሚነገር የማረጋገጫ ቁጥርም ጭምር፣ ወደ ሌባው ይሄዳል፤ የስልኩ ባለቤት ደግሞ «ዛሬ ማንም አልደወለልኝም፣ ተመስገን» እያለ ይውላል። ##002# ብሎ መደወል የዞረውን ሁሉ ይመልሳል።

አሜሪካ ያሉት ወገኖች ደግሞ ሌላ ዓይነት መከራ አለባቸው፤ የእነሱ ሁሉ ነገር በአንድ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሏል። ይህ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከነካርዱ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ የተፈጠረው ነገር ዛሬም ያስቃል። ኒውዮርክ ግዛት ሎክፖርት ከተማ ያለ የኪስ ቦርሳ ፋብሪካ «ካርዳችሁ በቦርሳችን ልክ ይገባል» ብሎ ለማሳየት በየቦርሳው ውስጥ የናሙና ካርድ ከተተ። ናሙናው ላይ የታተመው ቁጥር ግን የፈጠራ አልነበረም፤ የአንድ የፋብሪካው ኃላፊ ጸሐፊ እውነተኛ ቁጥር ነበር። ቦርሳው በዎልዎርዝ መደብሮች ተቸበቸበ። ካርዱ ከእውነተኛው ያነሰ፣ በቀይ የታተመ፣ ላዩ ላይም ናሙና የሚል የተጻፈበት ቢሆንም በሺህ የሚቆጠር ሰው የራሱ ቁጥር መስሎት ተጠቀመበት። በ1943 ብቻ 5,755 ሰዎች ይጠቀሙበት ነበር። በዓመታቱ ሁሉ ሲደመር ከ40,000 በላይ ሆኑ። መንግሥት ቁጥሩን ሰርዞ ለሴትዮዋ አዲስ ሰጣት፤ በ1977 እንኳ ያንኑ ቁጥር የሙጥኝ ያሉ 12 ሰዎች ተገኝተዋል። ሌባ አልነበረም እንግዲህ። ቦርሳ የገዛ ሁሉ ማንነትም ተመርቆለት የመጣ መስሎት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ላይፍሎክ ነው። ድርጅቱ ማንነትን ከስርቆት እጠብቃለሁ ብሎ በየወሩ ክፍያ የሚሰበስብ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቶድ ዴቪስ በድርጅቱ መተማመኑን ለማሳየት የገዛ ሶሻል ቁጥሩን በመኪና ላይ፣ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ማስታወቂያ አወጣው። ኑና ስረቁኝ እንደ ማለት ነው። ሌባ ደግሞ ግብዣ አይንቅም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 አንዱ ቴክሳስ ውስጥ በስሙ 500 ዶላር ተበደረ። ይህ የመጀመሪያው ነው። በኋላ ፊኒክስ ከተማ የሚታተም ጋዜጣ ቆጥሮ እንዳወጣው ሰውየው ቢያንስ 13 ጊዜ ተሰርቋል። ድርጅቱ በ2010 በማስታወቂያው ጉዳይ 12 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ በ2015 ደግሞ 100 ሚሊዮን። ከእንግዲህ «እኔን ማን ይሰርቀኛል?» የሚል ሰው ቢገኝ ይህን ታሪክ ማውራት ነው።

አንዳንዴም ሰው ምንም ሳያጠፋ ይሰረቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢኩዊፋክስ ከተባለው የብድር ታሪክ መዝጋቢ ድርጅት የ147 ሚሊዮን ያህል ሰው መረጃ ወጣ፤ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ሶሻል። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ያለ አባት ሶሻል ካርዱን ከመዝሙረ ዳዊት መሃል ሸጉጦ ሻንጣ ውስጥ ቢቆልፈውም ቁጥሩ አስቀድሞ ሄዷል። ስለዚህ መቆለፍ ያለበት ክሬዲቱ፣ ማለትም የብድር ታሪኩ ነው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2018 ጀምሮ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ መሠረት በሦስቱም መዝጋቢዎች፣ በኢኩዊፋክስ፣ በኤክስፔሪያንና በትራንስዩኒየን፣ ክሬዲትን ማስቆለፍ በነጻ ነው። የተቆለፈበትን ሰው ታሪክ ሊያይ የማይችል አበዳሪ አዲስ ካርድ አይሰጥም። መኪና ለመግዛት ሲታሰብ ከፍቶ፣ ሲያልቅ መልሶ መዝጋት ነው። ወላጆች ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆቻቸውም እንዲሁ በነጻ ማስቆለፍ ይችላሉ፤ ይህን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

የልጅ ነገር ከተነሣ ደግሞ አንድ የማይወደድ ነገር መናገር ግድ ነው። የሕፃን ሶሻል ለሌባ የሚጣፍጠው ንጹሕ ስለሆነ፣ ደግሞም ልጁ 18 ዓመት ሞልቶት ለኮሌጅ ብድር እስኪያመለክት ድረስ ማንም ስለማያየው ነው። ሆኖም ሌባው ሁልጊዜ ከውጪ አይመጣም። የራሱ ክሬዲት የተበላሸበት አባት የመብራቱን ሂሳብ «ለጊዜው» በአምስት ዓመቱ ልጅ ስም ያስከፍታል። ከዚያ ስልክ፣ ከዚያ ኬብል። ልጁ ገና ጫማውን ማሰር ሳይችል ባለዕዳ ሆኗል። በየማኅበሩ ይህን እንደ ብልሃት የሚያወሩ አሉ፤ በአሜሪካ ሕግ ስሙ ወንጀል ነው፣ የወለደ ቢሆንም። ስልክ ደውሎ «ሶሻልህ ታግዷል፣ ፖሊስ ወደ ቤትህ እየመጣ ነው» የሚለው ደግሞ ውሸታም ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ቁጥር አያግድም፤ በስጦታ ካርድ ክፈል የሚል የመንግሥት መሥሪያ ቤትም በምድር ላይ የለም።

ወደ አገር ቤት እንመለስ። ፋይዳ ለተባለው ዲጂታል መታወቂያ ሲመዘገቡ አሥሩም ጣት ይነሣል፣ ሁለቱም የዓይን ብሌን ይነሣል፣ ፊት ይነሣል፤ በመጨረሻ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው በዚህ ላይ ነው። ሐሳቡ ደግ ነው፦ አንድ ሰው በሦስት ቀበሌ ሦስት መታወቂያ፣ በሦስት ስም ሦስት ሂሳብ እንዳይኖረው። ጨርቅ ተከናንቦ «ያዕቆብ ነኝ» ማለት ከባድ ሆኗል። ነገር ግን ብዙ አገልግሎት ሰውየውን የሚያረጋግጠው በተመዘገበው ስልክ ላይ ኮድ በመላክ ነው። ስልኩ የማን ነው? እዚህ ላይ ጉድ ይፈላል። የአባት ሲም በልጅ ስም ወጥቷል፤ የሠራተኛዋ በአሠሪዋ፤ የባል በቀድሞ ሚስቱ። ሲሙ ቢጠፋ ማስመለስ የሚችለው ስሙ ያለበት ሰው ነው። የቀድሞ ሚስት ደግሞ በደወሉላት ቁጥር አታነሣም። ሲምን በራስ ስም ማዞር አሰልቺ ወረፋ ቢኖረውም ከዚህ ሁሉ ይቀላል።

ሕጉ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 11 የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆትን ለብቻው ያነሣል። የሰውን የኤሌክትሮኒክ ማንነት የሚገልጽ መረጃ ያለፈቃዱ ያገኘ፣ የያዘ፣ የሸጠ ወይም ያስተላለፈ ሰው እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ የሚሰበስበውን መሥሪያ ቤት ይመለከታል፤ ኮፒ ሰብስቦ ለቆሎ ሻጭ የሚያሳልፈውን ጨምሮ ቢባል አያሳፍርም። ችግሩ የተዘረፈ ሰው ወደ ፖሊስ ከመሄድ ይልቅ ማፈሩ ነው። «እኔ የተማርኩት ሰው እንዴት ተሸወድኩ?» እያለ ለሚስቱ እንኳ ሳይነግር ይቀራል። ሌባው ደግሞ ያቺን ዝምታ ታቅፎ ለጎረቤቱ ይደውላል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ያሉት አባቶች መጠርጠርን ነውር አላደረጉትም፤ ነውር ያደረግነው እኛ ነን። እናም አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ቅዳሜ ወላጆችህ ቤት ስትሄድ ስለ ሳይበር ደኅንነት ትምህርት አትስጥ፤ ቡናው ይቀዘቅዛል። ስልካቸውን ተቀበልና ፒናቸውን ራሳቸው እንዲቀይሩ አድርግ፤ አንተም ዘወር በል፣ አትይ። ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቃትን አንዲት ጥያቄ ተስማሙ፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ልጅም ይሁን ወንድም እሷን ሳይመልስ ሰባራ ሳንቲም እንዳይላክለት። ከዚያ የመጨረሻውንና ከባዱን አለማምዳቸው፦ አንተ ደውለህ «እናቴ፣ ከባንክ ነው» በላቸው፤ እነሱ ሰላምታ ሳይመልሱ፣ ይቅርታ ሳይጠይቁ፣ ሳይመርቁ፣ ጆሮህ ላይ ይዝጉት። መጀመሪያ እምቢ ይላሉ፤ በሦስተኛው ይለምዱታል። ጥርጣሬ ከገባቸው ራሳቸው መልሰው ይደውሉ። የሚደውሉባቸውን ትክክለኛ ቁጥሮች በትልቁ ጽፈህ ፍሪጁ ላይ ለጥፍላቸው፦ ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ቴሌብር 127፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951።